የሰው ፈረስ በጓሳ መንገድ

በመንዝ ደጋ፣ ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ፣ የጓሳ ሣር በውርጭ ነጥቶ ያድራል። ፀሐይ ወጥታ ውርጩን ሳታረግፈው አንድ የገበሬ ማኅበር መሪ ወደ ጎረቤቱ ደጅ ይሄዳል። መሐል ሜዳ ለስብሰባ ተጠርቷል፤ የራሱ በቅሎ ታነክሳለች፣ ወይም ጭራሹን የጋማ ከብት የለውም። «ጋሼ፣ ፈረስዎን ለዛሬ ቢያውሱኝ» ይላል። ባለቤቱም «ውሰደው እንጂ፣ ምን ቸገረኝ» ብለው ልጃቸውን ልከው ፈረሱን ያስመጡለታል። ኮርቻው ይጫናል፤ ልጓሙ ይገባል፤ ተዋሹም እርካቡን ረግጦ ይወጣል። ስለ ፈረሱ ጠባይ አንድ ቃል እንኳ አልተነጋገሩም።

ይህ በደጋው የዘወትር ነገር ነው። ከመሐል ሜዳ ተነሥቶ ጓሳን አቋርጦ ወደ ራቤል የሚያልፍ የመኪና መንገድ ቢኖርም፣ አያሌ መንደሮች ከመንገዱ ርቀው በየሸንተረሩ የሰፈሩ በመሆናቸው፣ በሽተኛው ወደ ጤና ጣቢያ፣ ሽማግሌው ወደ እርቅ፣ ለቀስተኛው ወደ ቀብር የሚሄደው አሁንም በፈረስና በበቅሎ ነው። ኢትዮጵያ ከአፍሪካ አገሮች ብዙ ፈረስ ካላቸው ግንባር ቀደም ከሆኑት አንዷ ብትሆንም፣ ፈረስ በየደጁ ታስሮ አይገኝም። በመሆኑም መዋዋስ የግድ ነው። ከሁሉም ይልቅ ደግሞ የሰው ፈረስ የሚያዘወትሩት የማኅበር መሪዎች ናቸው፤ ምክንያቱም ከሁሉም ይልቅ የሚጠሩት፣ የሚላኩትና ድንበር ለማየት የሚወጡት እነሱ ናቸውና። በ1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የተቋቋሙት ገበሬ ማኅበራት ዛሬ በአስተዳደር ስማቸው ቀበሌ ቢባሉም፣ ሹሙ የጎረቤቱን ፈረስ ጭኖ መሄዱ አልተለወጠም።

ፈረሱን ለዓመታት ያሳደጉት ባለቤት ስለ እርሱ የሚያውቁትን ተዋሹ አያውቅም። ፈረሱም ቢሆን በጀርባው ላይ የወጣው ማን እንደሆነ አያውቅም። በዚህ በሁለቱ አለመተዋወቅ መካከል ነው ሰው የሚወድቀው፣ ፈረስም የሚሰበረው። ስለዚህ በትውስት ፈረስ ነገር ጨዋነትና ጥንቃቄ ሁለት የተለያዩ ትምህርቶች አይደሉም፤ ባለቤቱን ቆም ብሎ የሚጠይቅ ሰው ባለቤቱንም ያከብራል፣ የራሱንም አጥንት ያድናል።

መንገዱ ራሱ ሊታወቅ ይገባዋል። ጓሳ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ 260 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ገደማ በሆነ ከፍታ ላይ የተዘረጋ ደጋ ነው። ከሩቅ ሲያዩት ለጥ ያለ የፈረስ ሜዳ ይመስላል፤ እንግዳ ጋላቢ ልጓሙን ለቅቆ ሽምጥ ለማስጋለብ ይመኛል። ነገር ግን ሣሩ በችፍግ በችፍግ የቆመ ስለሆነ በመካከሉ ያለውን መሬት ይሸፍነዋል። ከሥሩ ደግሞ ፍልፈል አለ። ፍልፈል ጎሬውን የሚምሰው አፈሩ ለስላሳ በሆነበት፣ ማለትም ፈረሰኛው ደስ ብሎት በሚጋልብበት ቦታ ነው። ፈረስ በሶምሶማ ሲሄድ የፊት እግሩ ወደ ጉድጓድ ቢገባ ይሰናከላል፤ በግልቢያ ላይ ሳለ ቢገባ ግን እግሩ ሊሰበር፣ ጋላቢውም ከራሱ በላይ አልፎ ሊወረወር ይችላል። እግሩ የተሰበረ ፈረስ በገጠራችን የሚድንበት መንገድ የለም ማለት ይቻላል።

የአገሩ ፈረስ ይህን ያውቃል። በጓሳ ዙሪያ ያደገ ፈረስ አንገቱን ዝቅ አድርጎ መሬቱን እያየና እያሸተተ ይሄዳል፤ ድንገት ቢቆም ወይም ወደ ጎን ዘወር ቢል እልከኛ ሆኖ ሳይሆን የሚረግጠውን እየመረጠ ነው። ተዋሹ ይህን ባለማወቁ ልጓሙን ስቦ ራሱን ቀና ሲያደርግበት፣ ዓይኑን እንደሸፈነው ይቆጠራል። ከዚያ በኋላ ለሚደርሰው ነገር ፈረሱን መውቀስ አይገባም። ዛቡን ላላ አድርጎ፣ በእርምጃ፣ ሌሎች በረገጡት ዱካ መሄድ ነው እንጂ በሣሩ መካከል አቋራጭ መፈለግ የእንግዳ ሥራ ነው።

ከጉድጓዱ ሌላ ረግረጉ አለ። ጓሳ የብዙ ምንጮች መነሻ በመሆኑ በየዝቅተኛው ቦታ ላዩ አረንጓዴ የሆነ፣ ውስጡ ግን የሚያሰጥም መሬት ይገኛል። ፈረስ በእንዲህ ያለ ቦታ አልሄድም ብሎ ቢያሻፍር፣ ጅራፍ ከማንሣት በፊት ወርዶ በዱላ መሬቱን መውጋት ይበጃል። ብዙ ጊዜ የሚረታው ፈረሱ ነው።

የሚያስበረግገውም ነገር ጥቂት አይደለም። የጭላዳ መንጋ ከገደሉ አፋፍ ላይ በብዛት ተቀምጦ ሣር ሲነጭ ይውላል፤ ፈረሰኛ በድንገት ሲመጣበት እየጮኸ ወደ ገደሉ ይፈሳል። ይህን የለመደ ፈረስ ጆሮውን አቁሞ ያልፋል፤ ከታች ከወይና ደጋ የመጣ ግን ሊደነብር ይችላል። ስለዚህ መንጋውን ዞር ብሎ በዝግታ ማለፍ ነው። ዝግታው ለዱሩም ይጠቅማል፤ በ2015 በአውሮፓውያን አቆጣጠር የታተመ በጓሳ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ ቀይ ቀበሮ በጭላዳው መንጋ መካከል ሆኖ ሲያድን አይጥ የመያዝ ዕድሉ ብቻውን ከሚያድንበት ጊዜ እጅግ ይበልጣል። መንጋውን በግልቢያ የበተነ ሰው የቀበሮውንም ገበታ በተነ ማለት ነው።

ከዚህም በላይ ከባድ መኪና አለ። በጉም ውስጥ አይሱዙ ጥሩምባውን እየነፋ ሲመጣ፣ ፈረሱ መኪና ይለምድ አይለምድ የማያውቅ ጋላቢ መንገዱ ላይ ሆኖ ሊጠብቀው አይገባም። ቀደም ብሎ ወርዶ፣ ፈረሱን ከመንገዱ አርቆ፣ ፊቱን ወደ መኪናው አዙሮ በልባቡ መያዝ ይኖርበታል። ፈረስ በጎንና በጎኑ ሰፊ ያያል፤ ቀጥታ ከጀርባው ያለውን ግን አያይም። ከኋላው የሚሰማውን ድምፅ ማየት ካልቻለ ይሸሻል፤ መሸሽ ተፈጥሮው ነው።

እንግዲህ ከደጅ ሳይወጡ ምን መጠየቅ ይገባል? ከሁሉ አስቀድሞ የመጨረሻው ጋላቢ ማን እንደነበረና መቼ እንደተጋለበ ነው። ለአንድ ወር ታስሮ ገብስ ሲበላ የከረመ ፈረስና ትናንት ከገበያ የተመለሰ ፈረስ አንድ አይደሉም፤ የመጀመሪያው ጉልበቱ ተርፎት ሊጥል ይችላል፣ የሁለተኛው ደግሞ ዛሬ ማረፍ ነበረበት። ቀጥሎም ድንጉላ ነው ወይስ ሰንጋ ተብሎ ይጠየቃል። ድንጉላ ፈረስ ባዝራ በምትውልበት ሜዳ ለማያውቀው ሰው አይታዘዝም፤ በገበያ ቀን ብዙ ፈረሶች ከታሰሩበት ቦታ ወስዶ ማሰርም ጠብ መግዛት ነው። ይረግጣል? ይነክሳል? ጃንጥላ ሲዘረጋ ይፈራል? ጋቢ በነፋስ ሲርገበገብ ይበረግጋል? የሚፈራው ወንዝ አለ? ቀድሞ የወደቀበት ቦታ አለ? በአንደበት የሚታዘዘው በምን ቃል ነው? በአፉ የለመደው ጠንካራ ልጓም ነው ወይስ ልባብ ብቻ ይበቃዋል?

ይህን ሁሉ መጠየቅ የሚያሳፍራቸው ሰዎች አሉ። በተለይ ሹም የሆነ ሰው ፈረስ አያውቅም እንዳይባል ይፈራል። በፈረስ ስም በሚጠራበት አገር ይህ ኀፍረት አይደንቅም፤ አጼ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዳግማዊ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ የተባሉት ሁሉ በፈረሳቸው ስም ነው። ነገር ግን ያ ስም የወጣው ከገዛ ፈረሳቸው ጋር ከነበራቸው ትውውቅ ነው። በሰው ፈረስ ላይ ሁሉም ጀማሪ ነው። ባለቤቶችም በበኩላቸው የፈረሳቸውን ነውር መናገር ፈረሱን ማሳነስ ይመስላቸዋል፤ ወይም እንዳይነፍጉ ለመምሰል ይደብቁታል። ይህ ልማድ ቢቀር ይሻላል። «ይህ ፈረስ ከኋላው ሲቀርቡት ይረግጣል» ብሎ የነገረ ሰው አልነፈገም፤ ነፍስ አዳነ።

ጥያቄው ካለቀ በኋላ ፈረሱን ራሱን ማየት ይገባል። ባለቤቱ ባሉበት በጀርባው ላይ እጅን ማሳለፍ፣ ገጣባ ወይም እብጠት መኖሩን መዳሰስ፣ አራቱንም ሰኮና አንሥቶ በስንጥቁ ውስጥ ድንጋይ መኖር አለመኖሩን ማየት፣ ጥቂት አስኬዶ ማነከሱን መመልከት ያስፈልጋል። ይህ አለማመን አይደለም። ቁስሉ ቀድሞ የነበረ መሆኑ በሁለቱም ፊት ከታየ ማታ ላይ ክርክር የለም። በእግሩ ወይም በአንገቱ ላይ እንደ ዶቃ ተደርድረው የሚፈነዱ እብጠቶች ቢታዩ፣ ቢቾ የሚባለው በሽታ ሊሆን ይችላልና ፈረሱን ትቶ የእንስሳት ሐኪም እንዲያየው ማድረግ ነው። ቢቾ በቁስል በኩል ስለሚተላለፍ በበሽተኛ ፈረስ ላይ የነበረ ኮርቻ፣ መደላድልና ልጓም ጤነኛውን ሊበክል ይችላል። ፈረስን ከአንዱ ቤት፣ ኮርቻን ከሌላው ቤት መዋስ በአገሩ የተለመደ ቢሆንም የሚያሰጋው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚህም ሌላ ለአንዱ ጀርባ የተሠራ ኮርቻ ሌላውን ይልጣል። ስለዚህ ፈረሱ ከነዕቃው ቢወሰድ ይመረጣል።

ሲቀርቡት ከፊቱም ከኋላውም ሳይሆን በትከሻው በኩል፣ እየተናገሩ ነው። የማያውቀው ሰው ድምፁን ቢያሰማውና እጁን ቢያሸተው ትንፋሹ ይረጋጋል። ከመውጣት በፊት ከሆዱ ሥር የሚታሰረውን ጠፍር ማጥበቅ፣ ጥቂት እርምጃ አስኬዶ ደግሞ ማጥበቅ ያስፈልጋል፤ ብዙ ፈረስ ሲታሰር ሆዱን ይነፋልና። መውጫውን በተመለከተ፣ የጥንት ኢትዮጵያውያን ጎራዴን በቀኝ ጎናቸው ይታጠቁ ስለነበር በፈረስ የሚወጡትም በቀኝ በኩል ነበር፤ ዛሬ ደግሞ በግራ የሚወጣው ሰው ብዙ ነው። ፈረሱ የለመደው የትኛውን እንደሆነ ባለቤቱን መጠየቅ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ሆኖም ባልለመደው ወገን የወጡበት ፈረስ ሰውየው ገና በአንድ እግሩ ተንጠልጥሎ ሳለ ሊነሣበት ይችላል።

ስለ እርካብም አንድ ነገር ሊባል ይገባል። ቀድሞ ሰው በባዶ እግሩ ሲጋልብ በእርካቡ ውስጥ የሚያስገባው አውራ ጣቱን ብቻ ነበር። እርካቡም የተሠራው ለዚያ ነው። ይህ ለማያውቀው የድህነት ምልክት ይመስለዋል፤ ነገር ግን ፈረስ ቢወድቅ ወይም ቢደነብር ጣት ወዲያው ይወጣል። ዛሬ በላስቲክ ቦት ጫማ በጠባቡ እርካብ እግሩን እስከ ቁርጭምጭሚቱ የሚያስገባ ሰው ሲወድቅ እግሩ ተይዞ ይጎተታል። ጠባብ እርካብ ያለው ኮርቻ የተዋሰ ሰው የጫማውን ጫፍ ብቻ ማሳረፍ፣ ካልሆነም ጫማውን አውልቆ በኮርቻው ላይ ማሰር አለበት። ብርዱ ከመጎተት ይሻላል።

ሌላው የሚዘነጋው የጭነት ነገር ነው። በዓለም ላይ የፈረስን ጉልበት የመረመሩ ባለሙያዎች ፈረስ ሳይጎዳ ሊሸከም የሚገባው ከራሱ ክብደት አንድ አምስተኛ ያህል መሆኑን ይመክራሉ። የአገራችን ፈረስ ቁመቱ አጭር፣ ክብደቱም ቀላል ነው፤ 250 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ ቢሆን አንድ አምስተኛው 50 ኪሎ ይሆናል። አንድ ጎልማሳ ከነጋቢው፣ ከነኮርቻውና ከነስንቁ ከዚህ ያልፋል። የደጋው ፈረስ ጠንካራ ስለሆነ ችሎ ይሄዳል፤ መቻሉ ግን አይጎዳም ማለት አይደለም። ስለዚህ ዳገት ላይና አቀበት በበዛበት ቦታ መውረድ፣ ቁልቁለትም ላይ እንዲሁ ወርዶ መጎተት፣ በመንገድ የተገኘን ጓደኛ «ና ከኋላዬ ተፈናጠጥ» አለማለት የተዋሽ ግዴታ ነው። በገዛ ፈረሱ ሁለት ሆኖ የሚሄድ ሰው የገዛ ንብረቱን ይጎዳል፤ በሰው ፈረስ ግን በማን ጀርባ ላይ ነው ለጋስ የሚሆነው?

ወዴት እንደሚሄዱ መናገር ደግሞ ከሁሉ የሚበልጥ ነው። ፈረሱ የተዋሰው እስከ መሐል ሜዳ ነው እንበል። ስብሰባው ቶሎ አለቀ፤ መሪው በዚያው ወደ ምሥራቅ ቁልቁል ወርዶ በኤፍራታና ግድም ያለ ዘመዱን ሊጠይቅ አሰበ። አጣዬ ከባሕር ወለል በላይ 1500 ሜትር ገደማ ናት፤ ከጓሳ አፋፍ ሲነጻጸር ከ1700 ሜትር በላይ ወደ ታች መውረድ ነው። በዚህ ቁልቁለት ላይ የሚጎዳው ጉልበቱ ብቻ አይደለም። የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የሚባለው ገዳይ ደዌ በዓይን የማይለዩ ጥቃቅን ተናካሽ ነፍሳት ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያስተላልፉት ሲሆን፣ የሚበረታውም ሙቀትና እርጥበት ባለበት ቦታ፣ በተለይ በክረምቱ መውጫ ነው። በቅሎ ከፈረስ ይልቅ ትቋቋመዋለች፤ አህያ ደግሞ ከሁለቱም ይበልጥ። ፈረስ ግን ሳንባው በውኃ ተሞልቶ ከአፍንጫው አረፋ እየወጣ በአጭር ጊዜ ይሞታል። በውርጭ አገር ያደገና ክትባት ያላገኘ ፈረስ በዚያ ወቅት ቆላ ወርዶ ቢያድር ያለ መከላከያ እንደተጋለጠ ነው። ወደ ጀማ ሸለቆና ወደ መርሐ ቤቴ ቆላ የሚወርድም እንዲሁ።

ክትባቱ በአገራችን ይመረታል፤ ቢሾፍቱ በሚገኘው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም ነው። የፈረስ ባለቤቶችን ቁጥር ይዞ ለወረዳው የእንስሳት ጤና ጽሕፈት ቤት ክትባት መጠየቅ የማኅበር መሪዎች ሥራ ነው፤ ለበግና ለከብት ክትባት ሲጠየቅ የጋማ ከብት ብዙ ጊዜ ይረሳልና። ክትባት ሳይኖር ግን ደንቡ ቀላል ነው፤ ለመሐል ሜዳ የተዋሱት ፈረስ ከመሐል ሜዳ አያልፍም። ማለፍ ካስፈለገም ተመልሶ ባለቤቱን ማስፈቀድ፣ ወይም በቅሎ መፈለግ ነው።

ስብሰባው ቦታ ከደረሱ በኋላ ፈረሱ እየተረሳ ነው። ጠዋት የገቡበት ስብሰባ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይዘልቃል፤ ፈረሱ ልጓሙን እንደነከሰ፣ ጠፍሩ እንደጠበቀ፣ በነፋስ ላይ ቆሞ ይውላል። ላብ ያጠለቀው ፈረስ በዚያ ብርድ ያለ ግላስ ወይም ያለ አሮጌ ብርድ ልብስ ሊቆም አይገባውም። ደርሰው እንደወረዱ ጥቂት ወዲያ ወዲህ አስኬዶ ማብረድ፣ ጠፍሩን ማላላት፣ ልጓሙን አውጥቶ በልባብ ማሰር፣ ውኃ ማጠጣት ያስፈልጋል። ፈረስ በቀን ከ20 ሊትር የማያንስ ውኃ ይጠጣል፤ ሲሠራና ሲሞቅ ከዚያ ይበልጣል። ጥማቱን የሚናገርበት አፍ የለውም። ስብሰባ ጠሪዎቹም ቢሆኑ ለሰው ሻይ ሲያስቡ ለፈረስ የውኃ ገንዳና የነፋስ ከለላ ቢያስቡ የሚያስመሰግን ነው።

በደግነት የሚሠራ አንድ ስሕተትም አለ። ተዋሹ ባለውለታውን ለማስደሰት ብሎ፣ ፈረሱ ሲመለስ ጠግቦ እንዲታይ ገብስ ይገዛና በስልቻ ሙሉ ያቀርብለታል። ፈረስ ሲበዛበት አያስመልስም፤ ተፈጥሮው አይፈቅድለትም። ያልለመደውን እህል በብዛት ከበላ ሆዱ ይነፋል፣ ይወጠራል፣ እየተንከባለለም ሊሞት ይችላል፤ ከሞት ቢተርፍም ሰኮናው ውስጥ በሚነሣ ትኩሳት አንካሳ ሆኖ ይቀራል። ባለቤቱ የሚሰጡትን ልክ ጠይቆ ያንኑ መስጠት፣ ሣርና ገለባ ግን እንደ ልብ ማቅረብ ነው። ለባለቤቱ ውለታ መመለስ ከተፈለገ ገብሱን ለባለቤቱ እቤታቸው መስጠት ይቻላል።

ሣሩም ቢሆን ከየትም አይደለም። ጓሳ በ17ኛው ምዕተ ዓመት አስቦና ገራ ከሚባሉት አቅኚ አባቶች ጀምሮ በቄሮ ሥርዓት ሲጠበቅ የኖረ የጋራ ሀብት ነው። አባ ቄራ የሚባሉ የተመረጡ ኃላፊዎች ሣሩ እስኪደርስ ለዓመታት ዘግተው ያቆዩት ነበር፤ ጥበቃውንም ለባለ ርስቱ በተራ ያዙ ነበር። ሥርዓቱ ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ቢፈርስም፣ በኋላ ከዙሪያው ቀበሌዎች የተመረጡ ሰዎች በሚገኙበት ምክር ቤት ጥበቃው ተመልሷል። እንግዲህ በተዘጋ ወቅት የተዋሰውን ፈረስ በጓሳው ውስጥ ለቅቆ ጥላ ሥር ጋደም ያለ ሰው፣ ጠባቂ ቢያገኘው ፈረሱ የማን እንደሆነ አገሩ ያውቃል። ደንብ ጣሰ ተብሎ ስማቸው የሚነሣው ቤታቸው የተቀመጡት ባለቤት ናቸው። መሪ የሆነ ሰው ይህን ቢያደርግ ደግሞ ሌላውን በምን አፉ ይከለክላል?

እዚህ ላይ ነው የሹም ተዋሽነት ከሌላው የሚለየው። ተራ ጎረቤት ፈረስ ቢጠይቅ ባለቤቱ «ዛሬ አይመቸኝም» ሊሉት ይችላሉ። የማኅበር መሪ ሲጠይቅ ግን ማዳበሪያው፣ የመሬት ምዝገባው፣ የድጋፍ ደብዳቤው ሁሉ በዚያ ሰው እጅ የሚያልፍ ስለሆነ፣ እምቢ ማለት ለባለቤቱ ይከብዳል። «ውሰደው እንጂ» የሚለው ቃል ከልብ ይሁን ከፍርሃት ለመለየት ያስቸግራል። በዚህም ላይ ፈረሱ ቢጎዳ አቤቱታው የሚቀርበው ለዚያው ለቀበሌው ነው። ተከሳሹና ሸንጎውን የሚሰበስበው ሰው አንድ ይሆናሉ። ብዙ ባለቤቶች ዝም ብለው ጉዳታቸውን የሚውጡት በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ ዝም ማለታቸው ግን ይቅር ማለታቸው አይደለም፤ በሚቀጥለው የማኅበር ሥራ ላይ ሰው ሲጠፋ መሪው ምክንያቱን አያገኘውም።

ለዚህ የሚሆነው አንደኛው መላ እምቢታን ማቅለል ነው። ከዋዜማው መጠየቅ፣ በሰው ፊት ሳይሆን ብቻቸውን መጠየቅ፣ ጥያቄውንም «ፈረሱ ሥራ ከሌለው፣ ካልደከመም» ብሎ መጀመር ለባለቤቱ የመውጫ በር ይከፍትላቸዋል። ሁለተኛው፣ ለማኅበር ሥራ የሚወሰድ ፈረስ በተራ እንዲሆንና ቀኑም በመዝገብ እንዲጻፍ በጉባኤ መወሰን ነው፤ ያለዚያ ሸክሙ ሁልጊዜ በዚያው በአንዱ ገር ጎረቤት ላይ ይወድቃል። በአማራ ክልል በአዊ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር እስከ ዛሬ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን እያከበረ መኖሩ፣ የፈረስ ነገር በማኅበር ሊያዝ እንደሚችል ጥሩ ማስረጃ ነው። ሦስተኛው መላ፣ መሪው ራሱ ባለጉዳይ በሆነበት ነገር ከሸንጎው ተነሥቶ በሽማግሌ መዳኘት ነው።

ሕጉም ቢሆን ግልጽ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ እንስሳ ተውሶ የያዘ ሰው በእጁ ሳለ እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል። ስለዚህ የተዋሱት ፈረስ በገበያ መካከል አንድ ልጅ ቢረግጥ «ፈረሱ የእኔ አይደለም» ማለት አያድንም። ይህን በቀበሌው ያለ ሰው ሁሉ ቢያውቀው ልጆች በሰው ፈረስ እንዲንጎራደዱ የሚፈቅድ አይኖርም። ያለ ጠባቂ ለልጅ የሚሰጥ ልጓም ብዙ ጊዜ ጥፋት ያመጣል።

ማታ ሲመለሱ ያለው ሥራ ከጠዋቱ አያንስም። ከቤቱ አቅራቢያ ያለውን የመጨረሻ መንገድ ወርዶ በእግር መሄድ ፈረሱ ቀዝቅዞና ተነፍሶ እንዲገባ ያደርገዋል። ልጓሙን ለልጅ ወርውሮ መሄድ የለም፤ ፈረሱ ባለቤቱ እጅ ይገባል። መንገድ ላይ የሆነ ነገር ካለ፣ ተሰናክሎ እንደሆነ፣ ውኃ አልጠጣም ብሎ እንደሆነ፣ ጠፍር ተበጥሶ በገመድ ተቀጥሎ እንደሆነ፣ ባለቤቱ ሳይጠይቁ ይነገራል። ዛሬ የተደበቀ ትንሽ ማነከስ ነገ ሌላ ሰው በጓሳ ቁልቁለት ላይ የሚወድቅበት ይሆናል፤ ያ ሌላ ሰው የባለቤቱ ልጅ ሊሆን ይችላል።

ከዚያም ኮርቻው ይወርዳል። በደጋው ያሉ አዋቂ ባለቤቶች ኮርቻው እንደወረደ የፈረሱን ጀርባ ከጋማው ሥር እስከ ወገቡ በመዳፋቸው ይዳብሱታል፤ ሙቀት ያለበትን ቦታ፣ ፀጉሩ የተገላበጠበትን ቦታ ይፈልጋሉ። ተዋሹም እጃቸው እስኪያበቃ ድረስ አጠገባቸው ቆሞ ይጠብቃል።